ከሰማይ የሚጠቁም ሌባ ሻይ

ኩርሙክን ከሰማይ ሆናችሁ ብታዩዋት ሁለት ከተማ መሆኗን አትለዩም። አንደኛዋ ኩርሙክ የእኛ ናት፤ ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጫፍ። ሁለተኛዋ ኩርሙክ የሱዳን ናት፤ የብሉ ናይል ግዛት። ስማቸው አንድ ነው። የበርታ ቤተሰብ ወዲህም ወዲያም ዘመድ አለው። መሀል ላይ ያለው ድንበር ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር አዲስ አበባ ላይ ከተፈራረሙት ውል የመጣ ነው። ካርታ ላይ ወፍራም መስመር ሆኖ ይታያል። ከላይ ለሚያይ ካሜራ ግን መስመር የሚባል ነገር የለም።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ ማን ይንቀሳቀሳል? ወርቅ ቆፋሪ አለ። ዶማና አካፋውን ተሸክሞ፣ አምስት ስድስት ሆኖ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይወጣል፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይውላል። ስደተኛ አለ። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ኩርሙክ እንደ መተማ ሁሉ ሰው ነፍሱን ይዞ የሚገባባት በር ሆናለች። ነጋዴ አለ፤ ከብት አርቢ አለ። ወታደርም፣ ሚሊሻም፣ ከማዶ የሚዋጋ ታጣቂም አለ። ሁሉም ይራመዳል። ብዙው ደግሞ ረዘም ያለ ነገር ተሸክሟል።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፦ ይህን ሁሉ ሰው ከሰማይ እያየ «ይሄ ቆፋሪ ነው፣ ያኛው ታጣቂ ነው» ብሎ የሚለየው ማነው? ሰው ከሆነ ስሙ ማነው? ማሽን ከሆነስ ማንን ልንጠይቅ ነው?

«ይሄ የፈረንጆች ጣጣ ነው» እንዳትሉ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የቤት ሥራ የሚሠራልንን፣ ደብዳቤ የሚጽፍልንን፣ ፎቶ የሚያሳምርልንን ነገር ነው። ጦርነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ እንደ ፊልሙ ዓይኑ ቀይ የሆነ ሮቦት ይመጣብናል። እውነታው ከሁለቱም ይለያል። ነገርዬው ወደ ጦር ሜዳ የሚገባው በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫን ተራ ፕሮግራም ሆኖ ነው። ድሮን ለሰዓታት እየቀረጸ ይውላል፤ ያን ሁሉ ቪዲዮ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አይገኝም፤ ፕሮግራሙ ያይና «እዚህ ጋ ሰው አለ፣ እዚህ ጋ መኪና አለ፣ ይሄኛው መሣሪያ ይመስላል» እያለ ምልክት ያደርጋል። ከጎኑ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል፤ እንበል 87 በመቶ። ቁጥሩን ያየው መኮንን ይወስናል። ወይም የወሰነ ይመስለዋል።

እኛ ደግሞ ከድሮን ጋር ትውውቃችን የትናንት አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት የቱርክ ሥሪቱ ባይራክታር ስሙ በየካፌው ይነሳ ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ ትግራይ ውስጥ ድደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ጥቅምት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመትቶ 3 መምህራንን ጨምሮ 7 ሰዎች መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት አስታውቋል። ባይራክታርን መሬት ላይ ካለ ጣቢያ ሆኖ የሚያበረው ሰው ነው። ልብ በሉ፤ ሰው ባለበት እንኳ «ማን አዘዘ? ምን አይቶ አዘዘ?» ለሚለው ጥያቄ የሟች ቤተሰቦች መልስ አላገኙም። በዚህ ላይ ማሽን ሲጨመርበት አስቡት።

እየተጨመረም ነው። የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ስካይዊን የተባለው የድሮን ማምረቻ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተመርቋል። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለን። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል። አገር ቤት ድሮን እንሠራለን፣ አገር ቤት ፕሮግራም እንጽፋለን ካልን ሁለቱ አንድ ቀን መጋባታቸው አይቀርም። ሠርጉ ከመደገሱ በፊት ሕጉ ይጻፍ ነው የምለው።

ማዶውንም አትርሱት። የሱዳን ጦርነት የድሮን ጦርነት ከሆነ ሰንብቷል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ፖርት ሱዳን ተመታች። መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ኤል ፋሸር ውስጥ መስጊድ ተመትቶ ለሶላት የቆሙ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ካሎጊ ላይ መዋለ ሕፃናትና ሆስፒታል ተመትተው የሟቹ ቁጥር ከ100 አለፈ፤ ከ60 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ይህ ጦርነት ከኩርሙክ የሚለየው ያ ከሰማይ የማይታየው መስመር ነው።

ስም ሲወጣለት በዛበት

«አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚለውን ወደ አማርኛ ስናመጣው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» አልነው። ቆንጆ ስም ነው። ግን ትንሽ በዛበት። ማስተዋል በእኛ ቋንቋ ማየት ብቻ አይደለም። «አስተውለህ ተናገር» ስንል ያየኸውን መዝን፣ ቆም በል፣ የሚመጣውን አስብ ማለታችን ነው። አስተዋይ የሚባለው ዓይኑ የሰላ ሰው ሳይሆን ከመፍረዱ በፊት የሚጠይቅ ሰው ነው። ማሽኑ ይህን አያደርግም። የሚያደርገው ማመሳሰል ነው። ቀድሞ ከተመገባቸው ብዙ ሺህ ፎቶዎች ጋር አዲሱን ያስተያያል፤ ይመስላል ካለ ይመስላል ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው የተመገበው ፎቶ ከየት መጣ ሲባል ነው። ሌላ አገር በተነሳ ፎቶ የተማረ ፕሮግራም ዶማ ትከሻው ላይ ያደረገ የኩርሙክ ሰው ሲያይ ምን ይላል? በጨለማ ተሰልፈው ወደ ጉድጓድ የሚገቡ ስድስት ሰዎችስ ምን ይመስሉታል? ወርቅ ቆፋሪ የሚባል ነገር ካልተማረ ከሚያውቀው ውስጥ የሚቀርበውን ይመርጣል፤ ምሽግ የሚገባ ተዋጊ።

ወደ ሌላው አገራችንም ኑ። አፋር ውስጥ ከብት የሚጠብቅ ሰው ክላሽ ይይዛል። ጎጃም ውስጥ ገበሬው መሣሪያውን አንግቶ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ይሄዳል። ኦሞ ወንዝ ዳርም ያው ነው። ብዙ አገር ውስጥ ጠመንጃ ማንገት ወታደርነትን ያመለክት ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን ጎልማሳነትን ሊያመለክት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። ያውም ሁሉም ሰው አይደለም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው።

ጋዜጠኝነት ስንማር በመጀመሪያው ሳምንት የሚነገረን ስድስት ጥያቄ ነው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ማሽኑ «የት» እና «መቼ» ላይ ጎበዝ ነው፤ ከእኛም ይበልጣል። «ምን» ላይ ይገምታል። «ማን» እና «ለምን» ላይ ግን ባዶ ነው። አንድን ሰው ለመግደል የሚያበቃው መልስ ደግሞ ያለው እነዚህ ሁለቱ ጋ ነው።

ሌባ ሻይን ታስታውሳላችሁ?

ማሽኑ እንዴት እንደሚጠቁም ሳስብ የሚመጣብኝ የድሮው ሌባ ሻይ ነው። ለማታውቁት እንንገራችሁ። በምኒልክ ዘመንና ከዚያ በፊት ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻይ የሚባል ሹም ይጠራል። አንድ ልጅ ይመረጥና ዕፅ ያጠጡታል። ልጁ ራሱን ስቶ ሲነሳ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ተይዞ መንደር ለመንደር ይንከራተታል። ሄዶ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። አለቀ። ያ ሰው «ለምን እኔ?» ቢል መልስ የሚሰጠው የለም። ልጁ አያውቅም፤ ዕፅ ጠጥቷል። ሹሙ «እኔ ምን አደረግሁ፣ ልጁ ነው የወደቀው» ይላል። ፍርዱ አለ፤ ፈራጁ ግን የለም።

በመጨረሻ ይህ ነገር ቀረ። ከእሱ ጎን ለጎን የነበረው አውጫጭኝ ቢያንስ ሰው ሰብስቦ «ያየህ ተናገር» የሚል ነበር። አውጫጭኝም የራሱ ግፍ ነበረበት፤ አገሬውን ቀናት ሙሉ ሜዳ ላይ ያውል ነበር። ግን ጠቋሚው ስም አለው፤ የተጠቆመውም አፍ አለው።

አሁን ነገሩን ከሰማይ አምጡት። ፕሮግራሙ «87 በመቶ» ብሎ አንድ ጎጆ ላይ ይወድቃል። ለምን 87 ሆነ፣ ለምን 40 አልሆነም ብትሉት የጻፈው መሐንዲስ እንኳ በቀላሉ አያስረዳችሁም፤ የዚህ ቴክኖሎጂ ጠባዩ ይህ ነው። መኮንኑ «ሲስተሙ ነው ያሳየኝ» ይላል። ሲስተሙን የሸጠው ኩባንያ «እኛ መሣሪያ ነው የሸጥነው፣ የተጠቀመው ሠራዊቱ ነው» ይላል። ሠራዊቱ «ቴክኒካል ስህተት» ይላል። ሟቹ ብቻ ምንም አይልም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ፕላስ 972 የተባለው መጽሔት የእስራኤል ጦር ጋዛ ላይ «ላቬንደር» የተባለ ፕሮግራም እንደሚጠቀም አጋልጧል። ምንጮቹ እንዳሉት ፕሮግራሙ እስከ 37,000 ሰዎችን በተጠርጣሪነት አውጥቷል፤ መኮንኖቹ አንዳንዱን ስም ለማጽደቅ የሚወስድባቸው ጊዜ 20 ሰከንድ ያህል ነበር። ጦሩ በበኩሉ ላቬንደር መረጃ ማመሳከሪያ እንጂ የሚገደሉ ሰዎች ዝርዝር አይደለም ብሏል። የማንም ቃል ይሁን፣ 20 ሰከንዱን ብቻ ያዙልኝ። በወረቀት ላይ ሰው ወስኗል። በተግባር ሰውየው ገመዱን ይዞ ልጁን የሚከተል ሌባ ሻይ ሆኗል።

አፍሪካም ከዚህ ነፃ አይደለችም። ሊቢያ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. ካርጉ 2 የተባሉ የቱርክ ድሮኖች ሥራ ላይ መዋላቸውን፣ ከአንቀሳቃሹ ጋር ግንኙነት ባይኖራቸውም ዒላማ እንዲመቱ ተደርገው የተዘጋጁ መሆናቸውን የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን ከዓመት በኋላ ባወጣው ሪፖርት ጽፏል።

«ከአንቶኖቭ አይሻልም?»

ይህን ስናወራ አንድ ጓደኛችን «ቆይ፣ የድሮው ይሻል ነበር እንዴ?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሱዳኗ ኩርሙክ በአማፅያን እጅ በነበረች ጊዜ የካርቱም መንግሥት የሚያበረው አንቶኖቭ ነበር። አንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ነው፤ ቦምቡን ከኋላ ያንከባልሉታል፤ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። በዚያን ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አሶሳ ዞን ገብቷል። ታዲያ ለይቶ የሚመታ ድሮን ከዚህ አይሻልም ወይ?

ይሻላል፤ በትክክል ከለየ። ማሽኑ ቦምቡን የት እንደሚያሳርፍ አንቶኖቭ ከሚያውቀው በብዙ እጥፍ ያውቃል። ግን የት መምታትና ማንን መምታት ሁለት የተለያየ ዕውቀት ነው። ጉድጓዱን ሳይስት የሚመታ ድሮን ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ወርቅ ቆፋሪ ከሆነ ትክክለኛነቱ የገደለው ንፁህ ሰው ነው። ለዚህ ነው «ይከልከል» የማልለው። ፈንጂ የሚለይ፣ የቆሰለ ወታደር የሚያገኝ፣ የጠላት ድሮን አየር ላይ የሚያቆም ፕሮግራም ይምጣልን። ሰውን «ይሙት» የሚለው ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ክርክር «ሌላው እየሮጠ እኛ እጃችንን እንሰር?» የሚለው ነው። ይህን ክርክር ከማንም በላይ ልንጠራጠረው የሚገባ እኛ ነን። መርዝ ጋዝን የሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት በ1917 ዓ.ም. ተፈርሟል፤ ጣልያንም አጽድቃዋለች። ከዚያ በኋላ ነው አውሮፕላኖቿ ጋዙን በወገኖቻችን ላይ እንደ ዝናብ ያርከፈከፉት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም የነገሩት ይህንኑ ነው። «ታዲያ ሕጉ ምን ረባ?» ትሉኝ ይሆናል። ጉዳዩን ወንጀል ብሎ ለመጥራት ያስቻለን ሕጉ ነው። ሕግ ባይኖር ኖሮ ክስ ሳይሆን ለቅሶ ብቻ ነበር የሚቀርበው። ደካማ አገር ከሕግ ሌላ ጋሻ የላትም፤ ጋሻውን ደግሞ ራሷ ካልያዘችው ሌላው አያከብርላትም።

ዓይቶ የማይለይ መሣሪያን በሕግ መከልከልም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የተቀበረ ፈንጂ ማለት እኮ ማን እንደረገጠው ሳይጠይቅ የሚፈነዳ መሣሪያ ነው። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደውን የኦታዋ ስምምነት በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. አጽድቃለች። መርሁን ከተቀበልን ቆይተናል ማለት ነው።

ደግሞ ኩርሙክ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ዙሪያ የሚሳሳት ማሽን የአገር ውስጥ ሐዘን ያመጣል። ኩርሙክ ላይ የሚሳሳት ማሽን ግን ከመቶ ሜትሮች ስህተት የሌላ አገር ሰው ሊገድል ይችላል። አንድ የተሳሳተ ጥቆማ ሁለት አገር ሊያዋጋ ይችላል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያለበት ክልል መሆኑንም አትርሱ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው መኖሩ ራሱ መከላከያ ነው።

ሕጉ ከየት ይጀመር?

ዓለም እየተነጋገረ ነው፤ ዘገምተኛ ቢሆንም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊና የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ፕሬዚዳንት በራሳቸው የሚገድሉ መሣሪያዎችን የሚገድብ ስምምነት እስከ 2026 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲቋጭ በአንድ ድምፅ ጠይቀዋል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በጉዳዩ ላይ ያቀረበውን ውሳኔ 166 አገሮች ሲደግፉት 3 ብቻ ተቃውመውታል። በ2016 ዓ.ም. ሴራሊዮን የምዕራብ አፍሪካ አገሮችን ፍሪታውን ላይ፣ ኬንያ ደግሞ የአፍሪካ አገሮችን ናይሮቢ ላይ ሰብስበው በዚሁ ጉዳይ መክረዋል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው አዲስ አበባ ከጎረቤቶቿ ኋላ መቅረቷ አያምርም። ብዙ የተሞገሰው የአውሮፓ ኅብረት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሕግ እንኳ ወታደራዊ አጠቃቀምን አይመለከትም። ስለዚህ ተርጉመን የምናመጣው ሕግ የለም፤ ራሳችን መጻፍ አለብን።

ደግነቱ ከባዶ አንጀምርም። ኢትዮጵያ የጄኔቫ ስምምነቶችን የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 36 አንድ አገር አዲስ መሣሪያ ሲሠራ ወይም ሲገዛ ሕጋዊነቱን አስቀድሞ እንዲመረምር ያስገድዳል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ያጸደቅነው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ የመከላከያና የፖሊስ አካላት ሰብዓዊ መብት የሚጥሱ ተግባራት ሲፈጽሙ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል። ያጸደቅነው ፖሊሲ ጥሩ ነው፤ ፖሊሲ ግን ማንንም ፍርድ ቤት አያቆምም። አዋጅ ነው የሚያስፈልገው።

በአዋጁ ውስጥ ቢያንስ እነዚህ ይግቡ እላለሁ።

አንደኛ፣ ሰው ላይ እንዲተኮስ የሚወስነው በስሙና በማዕረጉ የሚታወቅ መኮንን ይሁን። ማሽኑ ቢጠቁምም «አይሆንም» ለማለት ጊዜም ሥልጣንም ይኑረው፤ እምቢ በማለቱም አይቀጣ። 20 ሰከንድ ጊዜ አይባልም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ከመገዛቱ ወይም ከስካይዊን ከመውጣቱ በፊት በእኛ ሰው፣ በእኛ አገር ይፈተን። ኩርሙክ ወርቅ ቆፋሪውን፣ አፋር ላይ ከብት ጠባቂውን፣ ጎጃም ላይ ለቅሶ የሚሄደውን ባለመሣሪያ ከተዋጊ ይለያል ወይ? ካልለየ አይግባ። ፈታኞቹ ውስጥ ከሠራዊቱ ውጭ ያሉ ባለሙያዎችም ይኑሩ።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጥቃት መዝገብ ይኑረው። ማሽኑ ምን አየ፣ ስንት በመቶ አለ፣ ማን አጸደቀ፣ በስንት ሰዓት። ወታደራዊ ምሥጢር ነው ከተባለ ይታሸግ፤ ግን ሲቪል ሲሞት የምክር ቤቱ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይክፈቱት።

አራተኛ፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሄድበት በር ይኑር። ማመልከቻ የሚቀበል፣ በተወሰነ ጊዜ መልስ የሚሰጥ፣ ካሣ የሚከፍል። ማሽን ተሳሳተ ማለት ማንም አልተሳሳተም ማለት አይደለም።

ይህ ሠራዊቱን የሚጠላ ሰው ምኞት አይደለም። መሣሪያው ሲሳሳት ተጠያቂነቱን ብቻውን ተሸክሞ የሚቀረው አንድ ወጣት ኦፕሬተር ነው፤ ምናልባት ከእኔና ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል የተማረ። እሱም ቢሆን «ይህን ልታደርግ ይገባሃል፣ ይህን አይገባህም» የሚለው ሕግ ይገባዋል።

ወደ አሶሳና ወደ ኩርሙክ የሚሄድ የምክር ቤት አባል ካለ አንድ ነገር እንጠይቀው። ለመራጮቹ «ከላይ የሚያያችሁ ማነው?» ለሚለው ጥያቄ ምን መልስ ይዞ ነው የሚሄደው? መልሱ የሰው ስም ካልሆነ ገና ሕግ የለንም ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን።